ለማ ጀምሮት የሄደው ማርሚታ

ከዕድር ስመለስ ነው። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ የብየዳ ቤቶች በተደረደሩበት ቅያስ ሳልፍ የካርባይድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ካርባይድን የማታውቁ ትኖራላችሁ፤ ውሃ ሲነካው የሚፈላ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸት፣ ጋዙ ለብየዳ የሚሆን ግራጫ ድንጋይ ነው። ዛሬ ሁሉም በኤሌክትሪክ ስለሚበይድ ሽታው ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል። የትኛው ሽማግሌ እንዳስቀረው አላውቅም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው ሴት «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ጉልበቴ ነው» አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ያኔ አዳማ ናዝሬት ነበረች፤ እኛ የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም ሲያመልጠን ናዝሬት እንላለን። ዛሬ ባጃጁና ፎቁ መተላለፊያ አሳጣን እንጂ፣ ያኔ ከተማውን የሚያመላልሰው ጋሪ ነበር። የፈረሶቹ ቃጭል ጠዋት ይቀሰቅሰናል፤ ከባቡር ጣቢያው እስከ ፍራንኮ ሰፈር በስሙኒ ይወስዱናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ የፓፓያና የብርቱካን ሽታ ይቀበለዋል። በአንድ ብር የተገዛ ብርቱካን ዘንቢል ሞልቶ ይተርፋል። ወንዶቹ ከደርጉ ካኪ ውጭ ሲሆኑ እግሩ የሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጠጉራቸውን አፍሮ ያበጥራሉ። እኔ ሰማያዊ ፕሊሴ ቀሚስና ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ነበረኝ። በዚያ ጫማ ጋሪ ላይ መውጣት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ከየቡና ቤቱ በሳክስፎን የታጀበ ትዝታ ይሰማል፤ ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሰልፍና ዘመቻ። ሁለቱ መንገዱ መሀል ላይ ሲገናኙ የትኛውን እንደሚያዳምጥ ሰው ግራ ይገባዋል።

እኔ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ከፊቴ ቀዳዳ የሞላው ሰሌዳ፤ አንዱን ገመድ እየነቀልኩ ሌላውን እየሰካሁ «ሻሸመኔ መስመር ላይ ናት፣ ይናገሩ» ስል እውላለሁ። ለማን ያወቅሁት እዚያው ነው። ዝዋይ ላለ ወንድሙ ሊያስደውል መጥቶ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ያዳምጣል። ተራው ሲደርስ ስልኩን ረስቶት «እህት፣ የዚህ ማራገቢያ ኩሽኔታ አልቋል። ሳምንት አይቆይም» አለኝ። ሳቅሁበት። ማራገቢያው ሐሙስ ዕለት ቆመ። ለማ ዓርብ ተመልሶ መጣ፤ የሚያስደውልለት ሰው ግን አልነበረውም።

የመንግሥት እርሻ ትራክተር መካኒክ ነበር። ረጅሙን ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጣል። ሳይፈታ የታመመውን ቦታ ይናገራል። ሹፌሮቹ «የለማ ጆሮ» ይሉ ነበር፤ እንደ መሣሪያ ስም። ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። ከሥራ ስገባ በሩን የምዘጋበትን ድምፅ ሰምቶ «ዛሬ ደክሞሻል» ይለኛል። እንደዚያ ተደምጬ አላውቅም፤ በፊትም፣ ከዚያ ወዲህም።

በተጋባን ዓመት፣ ወፍጮው የተወረሰበት አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊገባ ሆነ። ሰው ሁሉ ሶፋውንና ፍሪጁን ሲሻማ፣ ለማ ማንም ያልፈለጋትን መኪና ገዛ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሪዋ እንጨት፣ አፍንጫዋ ረዘም ብሎ መሬት ለመሬት የምትሄድ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ወንድሜ መጥቶ አያት አያትና «ዶሮ እንኳ የማትጭን መኪና» ብሎ ሄደ። እኛ «ቀይዋ» አልናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሸራዋን አጥፈን፣ ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ወደ ቆቃ እንወርዳለን። ግድቡ አጠገብ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ በሎሚና በዳጣ እንበላለን። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ለሌላ ቦታ አይተርፍም። ስንመለስ በወንጂ መንገድ ሜዳው ላይ መሪውን ለእኔ ይለቅልኛል። መንዳት የተማርኩት ከጎኔ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ «አሁን ማርሽ ቀይሪ» እያለኝ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከቆቃ ስንመለስ ማርሚታዋ ወደቀ። ማርሚታ የሞተሩን ጭስና ጩኸት ውጦ በኋላ በኩል የሚያወጣው፣ ከመኪናው ሆድ ሥር የተንጠለጠለ ከበሮ መሳይ ነገር ነው። ዝገት በልቶት ኖሮ መንገድ ላይ ተዘረገፈ። እያጓራን ከተማ ስንገባ የሰፈሩ ልጆች ከኋላችን ሮጡ፣ የጋሪ ፈረሶች በረገጉ። እኔ በኀፍረት ሻሼን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ለማ ግን ፊቱ በርቷል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«እንዲህ ያለ ድምፅ ውስጧ ነበር ማለት ነው» አለኝ። «ያ ሽማግሌ አፍኖ ይዟት ነው እንጂ።»

«ታዲያ እንዲህ እያጓራች ልትኖር ነው?»

«የለም። አሁን ከጉሮሮዋ ነው የምትጮኸው። ከደረቷ እንድትናገር ነው የምፈልገው።»

በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። አሮጌውን ጠግኖ መመለስ አልፈለገም። ከሞተሩ አራት አፎች አራት እኩል ቱቦዎች ወጥተው ታች ላይ አንድ የሚሆኑበት፣ ከዚያ ራሱ በሚሠራው ማርሚታ ውስጥ አልፈው የሚወጡበት ነገር አሰበ። እኩል ካልሆኑ ድምፁ ይንተባተባል ይል ነበር። ቱቦ በገበያ የለም፤ ከእርሻው ብረት ቁልል ለመነ። መጀመሪያ በመኪናዋ ሆድ ሥር ተኝቶ ወፍራም ሽቦ እያጠመዘዘ የእያንዳንዱን ቱቦ መንገድ ለካ፤ አራቱን ሽቦዎች ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው። ከመልካሳ የአዋሽ አሸዋ አመጣ። አሸዋው ይደርቅና ቱቦው ውስጥ ይሞላል፣ ሁለቱ ጫፎች በእንጨት ይወተፋሉ፣ ከዚያ ቱቦው በእሳት ቀልቶ ቀስ ተብሎ በሽቦው ልክ ይታጠፋል። አሸዋው ከሌለ ቱቦው ተጨፍልቆ ይሰበራል። ሁለቱን ጨረሰ። ከሥራ ስገባ ሁልጊዜ እግሮቹን ነው የማገኘው፤ ሌላው አካሉ መኪናዋ ሥር ነው። ለእግሮቹ ቀኔን አወራላቸዋለሁ።

ሦስተኛው ላይ ሳለ ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ሰሜን ጦርነት ነበር፤ የታንክ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ይፈለጋል አሉ፤ መኪናው ውጭ ቆሟል አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሽቦዎች ያይ ነበር። ለማ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በሰጋቱራና በኦሞ ታጠበ። ሸሚዝ ቀየረ። ጉንጬን ስሞኝ ሲያበቃ በር ላይ ዞር ብሎ «አሸዋውን አስገቢው፣ ዝናብ እንዳይነካው» አለኝ። ሌላ ነገር የሚል መስሎኝ ጠበቅሁ። አሸዋውን አስገባሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ ላውራው። ቀኑ ቶሎ አይመሽም፤ ዓመቱ ግን አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ለማውጣት ከንጋት ጀምሮ እሰለፋለሁ፤ ስኳሩን ለብቻዬ የምጨርስበት ጊዜ ስለሌለ ግማሹን ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩነሽ እሰጣለሁ። ስልክ ቤት የእናቶች ጊዜ ነበር። ልጃቸው ካለበት ካምፕ ድምፁን ሊሰሙ ከወንጂ፣ ከመልካሳ፣ ከአሰላ መንገድ ይመጣሉ። እኔ ነኝ የማገናኛቸው። «ሰዓትዎ አልቋል» የምለውም እኔ ነኝ። አንዳንዴ ማለት ሲያቅተኝ ዝም ብዬ መስመሩን እተውላቸዋለሁ። ለእኔ ግን ከዚያ ሁሉ ቀዳዳ አንዱም አልጠራም። «ደህና ነው» የሚል መልእክት በሰው አፍ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። ቀይዋ ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ቆማለች። የእትዬ ጥሩነሽ ዶሮዎች ከሥሯ እንቁላል ይጥላሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ፣ እንደ ልማዴ ቀኔን ላወራ አፌን ስከፍት፣ እግር የለም። ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሁለት ሽቦዎች አውርጄ በማግሥቱ ኦቦ ጀማል ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ጀማል የከተማው የታወቀ በያጅ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ የአርሲ ሰው። የካርባይዱ ሽታ ከቤታቸው አልፎ መንገዱን ይሞላዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ጀማል። ለማ ጀምሮት የሄደው ማርሚታ አለ። እንድንጨርሰው ነው የመጣሁት።»

ሽቦዎቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋቸው። «ባልሽ እስኪመጣ ይቆይ። እሱ ራሱ ቢጨርሰው አይሻልም?»

«ሲመጣ ያለቀ ይቆየው ብዬ ነው።»

ሽቦዎቹን አጠገባቸው አስቀመጡ። ለእሳቸውም ወደዚያው የሄደ ልጅ ነበራቸው። «ኢሺ» አሉ በመጨረሻ። «ብየዳው የእኔ ነው። አሸዋውን የምታደርቂው፣ ቱቦውን የምታጥፊው ግን አንቺ ነሽ። እኔ ሌላ ሰው የለኝም።»

ከሥራ መልስ እየሄድኩ፣ የበርሜል ክዳን ላይ በከሰል እሳት አሸዋ አደርቅ ጀመር። የመጀመሪያውን ቸኮልኩ። አሸዋው እርጥበት ይዞ ኖሮ፣ ቱቦው ቀልቶ ሳለ ውስጡ የታመቀው እንፋሎት ውታፉን ገፍቶ ተኮሰው። ውታፉ የቆርቆሮውን አጥር በስቶ ወጣ። ድምፁ እንደ ጠመንጃ ስለነበር ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መሣሪያቸውን ደግነው ገቡ። ያገኙት አንዲት ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች የስልክ ቤት ሠራተኛና መሬት የተቀመጡ ሽማግሌ ነው። «ማነው የተኮሰው?» ሲሉ፣ ኦቦ ጀማል መነጽራቸውን እያስተካከሉ «አዋሽ ነው» አሏቸው። ያን ቀን ለማ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ስቄ ሳበቃ ደግሞ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። የቀላው ብረት ቀዝቃዛ ጫፉ ተይዞ ሲሳብ እንደ ሊጥ እሺ ይላል፤ ሽቦውን አጠገቡ ይዤ፣ ኦቦ ጀማል «ቀስ፣ ቀስ፣ አቁሚ» እያሉኝ አጠፍኩት። አራተኛውንም እንዲሁ። ለማርሚታው ላሜራ ጠቅልለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የበሳነውን ቱቦ መሀሉ አስገብተው፣ ዙሪያውን ከቶርኖ ቤት በለመንነው የብረት ፍቅፋቂ ሞሉት። ጩኸቱን የሚውጠው እሱ ነው። ቀይዋን በጋሪ አስጎትቼ አመጣኋትና ገጠምንላት። መጀመሪያ ስናስነሳት ድምፅዋ ቀጠነ፤ ጩቤ ይመስላል። መውጫውን ቱቦ አንድ ስንዝር አስረዘሙት። አሁን ደግሞ ጥሩንባ ሆነ። ፈትተው ፍቅፋቂውን ጠቅጠቅ አድርገው መልሰው ገጠሙት። ኦቦ ጀማል ባትሪውን አገናኝተው «በይ» አሉኝ። ቁልፉን አዞርኩ።

ከደረቷ ተናገረች። ሌላ ቃል የለኝም። ዝቅ ያለ፣ የሞላ፣ ወንበሩን አልፎ ጀርባዬ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ለማ በጆሮው ውስጥ ሲያዳምጠው የነበረው ይህ እንደሆነ አወቅሁ። ኦቦ ጀማል እጃቸውን ኮፋኖው ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ወደ ቤት ይዣት ስገባ እትዬ ጥሩነሽ በባዶ እግራቸው፣ እጃቸው በሊጥ እንደተለወሰ እየሮጡ ወጡ። «ለማ መጣ? ለማዬ መጣ?» ይላሉ፣ ያነባሉ። ከመኪናዋ ወርጄ «እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔው ነኝ» አልኳቸው። አቅፈውኝ ቆሙ። ሊጡ ቀሚሴ ላይ ደረቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳታለሁ፤ ሞተር ዝም ብሎ ሲቆም ይታመማል ብሎኝ ነበር። ኩፖን ሲተርፈኝ ቆቃ ድረስ እነዳታለሁ። ሴት ብቻዋን በእንደዚያ ያለች መኪና ስትሄድ ያየ ሁሉ ይዞራል። ዓሣ የምትጠብሰው ሴትዮ ሁልጊዜ የሁለት ሰው ትጠቀልልልኛለች፤ እኔም አንድ ብቻ ነው ብያት አላውቅም። የተረፈውን ከጎኔ ወንበር ላይ አድርጌ እመለሳለሁ። ሞጆ ላይ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ አንድ ቀን አስቁሞኝ «እህት፣ ይህን ድምፅ ማን ሠራው?» አለኝ። «ባለቤቴ» አልኩት። «ጎበዝ ነው» አለ። መንገዱን ሙሉ ያችን ቃል ይዤ ገባሁ።

ለማ የመጣው በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ነው፤ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ከስቷል፣ ጠጉሩ ሳስቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ታጠበ፣ በላ፣ ሁለት ቀን ተኛ። ቀይዋን ሸራዋን ገልጦ አላያትም፤ ደክሞት ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ቀድቼለት፣ «ቁጭ በል፣ አንድ ነገር ላሰማህ» ብዬው ወጣሁ። ልቤ እንደ ልጃገረድ ይመታል። ቁልፉን አዞርኩ። ነዳጁን ረገጥኩ፤ ሙሉውን እንዲሰማው ብዬ። በር ላይ እንዲታየኝ ዓይኔን ተክዬ ጠበቅሁ።

አልወጣም። ሞተሩን ሳላጠፋ ገባሁ። ሻዩ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ለማ በአልጋውና በግድግዳው መሀል፣ መሬት ላይ በደረቱ ተኝቷል። እጆቹ ጭንቅላቱ ላይ ናቸው።

«አጥፊው» አለኝ። ድምፁ የሱ አልነበረም።

አጠፋሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ሳምንት ስለዚያ አላወራንም። እሱ አፈረ። አንድ እሑድ ግን ሸራውን ገልጦ መኪናዋ ሥር ሲገባ አየሁት። እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ብየዳው የኦቦ ጀማል ነው» አለ ከሥር።

«አዎ።»

«ሦስተኛውን ቱቦ ማነው ያጠፈው?»

«እኔ ነኝ። አራተኛውንም።»

ጣቱ ቱቦው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። «በደንብ ታጥፏል» አለ። «እኔ ከዚህ አላሻሽለውም ነበር።» ከዚያ ቆይቶ፣ «ዘኒዬ፣ ልሰማው አልችልም» አለኝ።

ኦቦ ጀማል ዘንድ አብረን ሄድን። ልጃቸው እንደማይመለስ ያኔ ተረድተው ነበር። ለማን አቅፈው፣ የፈለገውን ሰምተው፣ አልተከራከሩም። ከተሰበረ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ማርሚታ ከኋላ ቀጠሉበት፣ በመሀሉ ደግሞ ሌላ ትንሽ ከበሮ ጨመሩ። ሲሠሩ አንገታቸውን አላነሱም። ሲጨርሱ «እንዲህ ያለች መኪና ላይ ይህን መስቀል ኃጢአት ነው፤ ግን ያንተ ጆሮ ይበልጣል» አሉት። ቀይዋ ከዚያ ወዲህ ዳገት ሲሆንባት ትተነፍሳለች እንጂ አትሰማም። አጠገባችሁ ደርሳ እንኳ ጎማዋ ጠጠር ሲረግጥ ነው የምታውቁት።

አንድ ጊዜ በሞጆ አድርገን፣ በቆቃ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አልፈን ቡልቡላ ወረድን። ወንድሙ ከዝዋይ ወጥቶ እዚያ ሽንኩርት ማልማት ጀምሮ ነበር። ከሰዓት አብያታ ሐይቅ ዳር ቁጭ አልን። ውሃው ዳር ሮዝ ወፎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። ነፋስ ነበር። ለማ ሳልጠይቀው አወራ፤ ስለ ሰሜኑ ጦር ሜዳ ሲያወራኝ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

«ጆሮዬን አወቁብኝ» አለ። «ጭጋግ ሲሆን፣ ከሩቅ ሞተር ሲሰማ፣ ጠርተው ይጠይቁኛል። የእኛ ነው ወይስ የእነሱ? እኔ እሰማና እነግራቸዋለሁ። ሁልጊዜ ልክ ነበርኩ።»

ጫማው ላይ የሰፈረውን አሸዋ አራገፈ።

«አንድ ቀን ‹የእኛ ነው› አልኳቸው። ልጆቹ ከምሽጉ ወጥተው እጃቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።» ወፎቹን አየ። «የእኛ አልነበረም።»

እጁን ያዝኩት። አላሸሸውም፤ አልያዘኝምም። ሥራዬ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፤ ያን ቀን ግን እሱ ያለበት ቦታ የሚደርስ ገመድ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ናዝሬት አልሆነለትም። የጋሪው ቃጭል፣ የባቡሩ ፉጨት፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ይበዛበታል። ቡልቡላ ሄዶ ከወንድሙ ጋር የውሃ ሞተር እየጠበቀ መኖር ጀመረ። አልተፋታንም፤ ማንም ያን ቃል አላነሳም። እኔ ሥራዬን ትቼ ልሂድ ብዬው ነበር። «አንቺ ሰው የምትሰሚ ሰው ነሽ፤ እዚያ ዝምታ ነው ያለው» አለኝ። ሲችል ቅዳሜ በቀይዋ ይመጣል። ሲመጣ አልሰማውም። ከጓዳ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። «ከመጣህ ቆየህ?» ስለው «አሁን ነው» ይላል፤ ከእግሩ ሥር ግን የተላጠ ብርቱካን ልጣጭ ይደርቃል። አብረን እንበላለን። ስለ ሽንኩርቱ ይነግረኛል። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ይሄዳል፤ ሲሄድም አልሰማውም።

አንድ ቅዳሜ አልመጣም አልኩ። ከሰዓት ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ ምስር ስለቅም ዋልኩ። ሲመሽ እትዬ ጥሩነሽ ብቅ ብለው «ለማ ምን ብሎ ሄደ?» አሉኝ።

«ለማ ዛሬ አልመጣም እኮ፣ እትዬ።»

«እንዴት አልመጣም? በርሽ ላይ ቆሞ አልነበር እንዴ። ሰላም ብዬው አለፍኩ። ስመለስም እዚያው ነው። እጁን በሩ ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው። የተጣላችሁ መስሎኝ ነው ያልገባሁት።»

ወጥቼ አየሁ። አቧራው ላይ የጎማው መስመር መጥቶ፣ ቆሞ፣ ዞሮ ሄዷል። በሚመጣው ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሮብ ዕለት ሰሌዳው ፊት ተቀምጬ ሳለ ከዝዋይ ጥሪ መጣ። አነሳሁ። «ናዝሬት፣ ይናገሩ» አልኩ። ለመደወል ከቡልቡላ ዝዋይ የወጣው የወንድሙ ድምፅ ነው። ማንን እንደሚፈልግ አልነገረኝም። «ዘነበች፣ አንቺ ነሽ?» አለ፤ ቀጥሎ መተንፈሱን ብቻ ሰማሁ። ለማን የውሃ ሞተሩ አጠገብ ሞቶ ነው ያገኙት። ልቡ ነው አሉ፤ ቁስል አልነበረበትም።

ቀይዋን ወንድሙ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ሸጣት፤ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ኦቦ ጀማልም እትዬ ጥሩነሽም አፈር ሆነዋል። ቀበሌውም፣ ኩፖኑም፣ የስልክ ቤቱ ሰሌዳም የለም። ልጆቹ ስልኩን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞራሉ። ሰዎች ሊሰናበትሽ ነበር የመጣው ይሉኛል። እኔ ያን አላውቅም። እንደ ድሮው አንድ ነገር ሊነግረኝ ይሆን፣ ወይስ ውስጥ ስንቀሳቀስ ድምፄን ሰምቶ እሱ በቅቶት ይሆን፣ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ማንኳኳት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ በሩ አልተቆለፈም።